ሠላሳ ሰባተኛዋ ፎቶ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የልጄ ሱቅ በር ላይ ወንበር አውጥቼ ፀሐይ እሞቃለሁ። የደብረ ብርሃንን ጠዋት የሚያውቅ ይፈርድልኛል፤ በተለይ ጥቅምት ሲገባ ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል። ልጄ ዳዊት «አባባ፣ የደንበኛ መግቢያ ዘጋህ እኮ» ይለኛል። አልሰማውም። እሱ ዛሬ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳበት፣ መታወቂያ በላስቲክ የሚያሽግበት ይህ ቤት ዱሮ ፎቶ ቤት ነበር፤ እኔም ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚሁ ደጃፍ ስገባና ስወጣ ነው።

ባለፈው ጥቅምት እንደ ልማዴ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ሴት መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። ሃምሳውን ሳትሻገር አትቀርም፤ ወፍራም ሹራብ ደርባለች፣ ስብሰባ ላይ የሚታደለውን የጨርቅ ቦርሳ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላለች። ፀሐዬን ጋረደችኝ።

«እስቲ ፀሐዩን ልቀቂልኝ» አልኳት።

ፈቀቅ አለችና «ጋሽ ታደለ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«ነኝ።»

«እዚያ አዲሱ ሆቴል እንግዳ መቀበያው ላይ የተሰቀለው ትልቁ ፎቶ የእርስዎ ነው አሉኝ። ሥልጠና ላይ ነኝ እዚያ። ሦስት ቀን ሙሉ ስብሰባውን ትቼ እሱን ሳይ ነው የዋልኩት።»

ደስ አለኝ፤ ምን እደብቃለሁ። ያ ፎቶ ከእጄ ከወጡት ሁሉ የምኮራበት ነው። አንኮበር ነው፣ ከጎረቤላ ወረድ ብሎ። ከታች ቆላው እንዳለ በጉም ተሞልቷል፣ ከላይ ተራራውና ሰማዩ ጠቁረዋል፣ መሃል ላይ ግን አንድ የገብስ ማሳና አንዲት የጽድ ዛፍ ለብቻቸው ፀሐይ በርቶባቸዋል። ሰው የለበትም፣ ቤት የለበትም። የሆቴሉ ባለቤት ያገር ፎቶ ፈልጎ ሲመጣ ሳላመነታ ያወጣሁለት እሱን ነው። «ወደድሽው?» አልኳት፣ ምስጋና ለመቀበል ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ።

«ማሳው የእኛ ነው» አለች። «ጽዷም የእኛ ነበረች፤ አሁን የለችም እንጂ። ከሥሯ ያለው ጥቁር ድንጋይ ላይ እናቴ ልብስ ታሰጣ ነበር። አስካለ እባላለሁ፤ አስተማሪ ነኝ። የመጣሁት አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው። ካሜራ የያዘ ሰው እኛ ቤት የመጣ ቀን እናቴ ቀሚሷን ቀይራ ስትወጣ ትዝ ይለኛል። ገና ሕፃን ነበርኩ፤ ይሄ ግን አይጠፋኝም። እናቴ በዚያው ዓመት፣ ለገና እንኳን ሳትደርስ፣ በወሊድ ሞተች። ፎቶ የላትም፣ አንድም። መልኳ ከጠፋብኝ ስንት ጊዜ ሆነው መሰለዎት። ጋሼ፣ ያን ቀን አንስተዋት ነበር?»

ዳዊት ከውስጥ የሚያነሳው ኮፒ ሲንጣጣ ይሰማኛል። «ኔጋቲቮቹን ማየት አለብኝ» አልኳት። «ብዙ ናቸው። ቅዳሜ ብትመጪ ይሻላል።» አመስግናኝ ሄደች። ውሸቴን ነው፤ ማየት አያስፈልገኝም ነበር። ያን ቀን ከነሰዓቱ አውቀዋለሁ።

ያኔ ፎቶ ቤቱ የጋሽ ሙላት ነበር፣ እኔ ተቀጣሪው ነኝ። ግድግዳው ላይ ሐይቅና ዘንባባ የተሳለበት መጋረጃ ተሰቅሏል። ዘንባባ የሚባል በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የደነባ ገበሬ እዚያ ፊት ቆሞ፣ የቤቱን ኮትና ከረባት ተውሶ፣ ትንፋሹን ውጦ ይነሳል። ኮቱ ከጀርባው ተቀዶ በመርፌ ቁልፍ የተያዘ ነው፤ ከፊት ማን ያያል። መስታወቱ ሥር አንድ ማበጠሪያ በሲባጎ ታስሯል፤ የከተማው ጎፈሬ ሁሉ ያለፈበት ማበጠሪያ ነው። ጉርድ ፎቶ አራቱ በሁለት ብር ይነሳ ነበር። ሙሉ ቁመት ግን የወግ ስለሆነ አንዷ ብቻ ሦስት ብር ትከፈልባታለች። ሙሉ ቁመት ላይ ጫማ ካልታየ ጠብ ነው፤ «እግሬን የት አደረስከው?» ብሎ አንገቴን ሊያንቀኝ የመጣ ሰው አለ። ከጎናችን ካለው ጠጅ ቤት ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ ስለሚዘፍን የዚያን ዘመን ዘፈን ሁሉ የማውቀው በግድግዳ በኩል ነው፤ ግጥሙን ሳይሆን ከበሮውን። እኔ ራሴ ከታች መንገድ የሚጠርግ ቦላሌ ለብሼ፣ ኮሌታዬን ትከሻዬ ላይ ዘርግቼ፣ ማን እንደኔ።

ጋሽ ሙላት ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን ፊልም ሲባክን ያመው ነበር። አንድ ፊልም ሠላሳ ስድስት ፎቶ ያነሳል፤ ሠላሳ ስድስቱም የደንበኛ ነው። ነገር ግን ፊልሙን ካሜራው ውስጥ ስታስገባ ጫፉን ሳታባክን በጥንቃቄ ካጎረስከው መጨረሻ ላይ አንዲት ትርፍ ትገኛለች፤ ሠላሳ ሰባተኛ። እሷን ጋሽ ሙላት «ያንተ ናት፣ እንደፈለግህ አድርጋት» ብሎኛል። የሌላ ቤት ፎቶ አንሺዎች በሷ እጮኛቸውን ያነሱባት ነበር። እኔ አገር አነሳሁባት። የደነባ ሜዳ ላይ ነፋስ ገብሱን ሲያስተኛው፣ የበሬሳ ወንዝ ዳር ሣር ውርጭ ይዞት ሲነጋ፣ ጣርማ በር ላይ ከደብረ ሲና የሚወጡት የጭነት መኪኖች በቀን መብራት አብርተው ጉሙን ሲያቋርጡ። ጋሽ ሙላት ሳጥብ ያያቸውና «ሰው የሌለበት ፎቶ ማን ሊገዛህ ነው? ተራራ መታወቂያ አያወጣ!» ይለኛል። እስቃለሁ፣ ግን አልተውኩም።

ነገሩን ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ይከብደኛል። አሁን አንኮበር አፋፉ ላይ ሄዳችሁ ብታዩ በስልኩ መቶ የማያነሳ የለም፤ ያነሳውን ደግሞ ዞሮ የሚያየው የለም። እኔ ያለችኝ አንዲት ነበረች። እሷን ካባከንኩ ሌላ ፊልም እስኪያልቅ መጠበቅ ነው፤ የሚያልቀው ደግሞ ሠላሳ ስድስት ሰው ሲነሳ ነው። ስለዚህ እጠብቃለሁ። ደመናው ከየት እንደሚነሳ፣ ጉሙ ከቆላው ስንት ሰዓት ላይ እንደሚወጣ፣ ካፊያ ከመጣ በኋላ ፀሐይዋ ስንት ደቂቃ እንደምትቆይ ለማወቅ ዓመታት ፈጅቶብኛል። ደመና የጠበቅኩትን ያህል ሰው ብጠብቅ ኖሮ ጥሩ ባል ይወጣኝ ነበር፤ ሟቿ ባለቤቴ ትለው የነበረውን ነው የምደግመው።

ያን ዓመት ለገበሬው ሁሉ መታወቂያ ይሰጥ ተባለና ፎቶ አንሺ በየቀበሌው ተላከ። እኔ የአንኮበር ደረሰኝ። በላንድሮቨር ወሰዱኝ፤ መንገዱ ጭቃ ስለነበር ግማሹን እኛ ነን መኪናዋን የወሰድናት። ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ወጥሬ በዝርዝሩ መሠረት አንድ በአንድ አነሳሁ። ዝርዝሩ ላይ ያሉት አባወራዎች ብቻ ናቸው። ሚስት በባሏ ስም ትታወቃለች፤ ፎቶ የሚያስፈልጋት መስሎ የታየው ሰው አልነበረም፣ እኔም ጭምር። ሠላሳ ስድስተኛው አቶ በላይ የሚባል ረጋ ያለ ሰውዬ ነበር። ከመኪናው መነሻ ሰዓት ቀደም ብዬ ስለጨረስኩ «ቤቴ ቅርብ ነው፤ ቆሎ ቆርጥመህ፣ ጠላ ቀምሰህ ትሄዳለህ» ብሎ ይዞኝ ወረደ።

ቤቱ ደጃፍ እንደደረስን ቆላው ገደል ድረስ ተገልጦ ታየኝ። ጉሙ መውጣት ጀምሯል። በምዕራብ በኩል ሰማዩ ጥቁር ሆኖ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ቀርታዋለች። ፀሐይዋ በዚያች ቀዳዳ ልታልፍ ምን ያህል እንደቀራት በዓይኔ ለካሁ፤ ካለፈች ማሳውና ጽዷ ላይ ነው የምታርፈው። ጠላውን ትቼ ማሳው ዳር ሄጄ በጉልበቴ ተንበረከክሁ፤ ካሜራው ውስጥ አንዲት ቀርታኛለች።

ቀና ስል የአቶ በላይ ሚስት ማሳው መሃል ቆማለች። ዘነበች ነው ስሟ። የታጠበ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሴት ልጇን በአንድ እጇ ይዛ፣ ሌላውን በጎኗ አውርዳ ልክ ሰው እንደሚነሳው ቀጥ ብላለች። ማንም ሳይነግራት መቆሚያዋን መርጣለች፤ ጽዷ ሥር፣ ጥቁሩ ድንጋይ አጠገብ።

«እኔንስ ከነልጄ አታነሳኝም ወይ?» አለችኝ። «ሙሉ ቁመት ይሁንልኝ።»

«እትዬ፣ ፊልሙ አልቋል» አልኳት። ደመናውን በአንድ ዓይኔ እያየሁ ነው የምመልስላት። «መታወቂያውን ይዤ ስመለስ አነሳሻለሁ። አሁን ትንሽ ፈቀቅ በይልኝ።»

«ወዴት ልሁን?»

«ወደ ኋላዬ። እርከኑ ላይ ውጪ።»

ልጇን ይዛ ማሳውን አቋርጣ መጣችና ከኋላዬ እርከኑ ላይ ወጣች። ወዲያው ፀሐይዋ ቀዳዳዋን አገኘች። ማሳው ወርቅ ሆነ፣ ጽዷ ነደደች፣ ጉሙ ከሥር ነጣ፤ ተጫንኩት። ብርሃኑ ወዲያው ጠፋ።

የካሜራውን ድምፅ ሰምታለች። «አላለቀም እኮ። አሁን ምኑን ነው ያነሳኸው?» አለች።

«ተራራውን።»

ተራራውን አየችው። ደግሞ እኔን አየችኝ። ቁጣ አልነበራትም፤ ግራ ነው የገባት። «ተራራው እንደሆነ የት ይሄድብሃል?» አለች። ከዚያ ልጇን አስከትላ ወደ ቤቷ ገባች።

መኪናው ጡሩንባ ሲያሰማ ሮጥኩ። መታወቂያው ሲደርስ ያደረሰው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ በዚያን ሰሞን የሰርግ ፎቶ ይዞኛል። እሄዳለሁ እያልኩ ክረምት ገባ፣ ከዚያ ተውኩት። ዘነበች መሞቷን የሰማሁት ያለፈው ጥቅምት ከልጇ አፍ ነው።

አርብ ድረስ ለአስካለ የምነግራትን ውሸት ሳሰናዳ ሰነበትኩ። ጣሪያው አፍስሶ ኔጋቲቩ ተበላሽቷል ልላት አሰብኩ፤ ብዙው በእርግጥም ተበላሽቷል። ያን ጊዜ ሌላ ሰው ነበር የሄደው ልላትም አሰብኩ፤ ፎቶው ሥር ስሜ በትልቁ ተጽፎ ተሰቅሏል እንጂ። ስትጠይቀኝ ያየሁት የአስካለ ዓይን ከፊቴ አልጠፋ አለኝ። እንጀራ የበላሁት ሰው በማንሳት ነው፤ ሰው አነሳሁ የምልበት አንድ ቀን ሲመጣ ግን እጄ ባዶ ሆነ። አፈርኩ፤ ሌላ ቃል የለውም።

አርብ ከሰዓት በኋላ ሳጥኑን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁት። ሠላሳ ሰባተኞቹ ሁሉ እያንዳንዳቸው በየወረቀት ከረጢታቸው ተቀምጠዋል፤ ጀርባቸው ላይ ቦታውንና ጉድለቱን በእርሳስ እጽፍ ነበር። «ደነባ፣ ነፋስ በዛበት።» «ጣርማ በር፣ ጉሙ ከበደ።» የአንኮበሩን አገኘሁት። የእጄን ጽሑፍ ሳነብ ነው ነገሩ ትዝ ያለኝ፦ «ጥላ ገብቶበታል፤ ከቀኝ ይቆረጥ።»

መስኮቱ ጋ ይዤው ሄድኩ። ኔጋቲቭ ላይ ነገሩ ሁሉ ግልባጭ ነው፤ ፀሐይ የመታው ይጠቁራል፣ ጥላ ደግሞ ያበራል። ማሳው ጠቁሯል። ከታች በስተቀኝ ግን፣ እኔ በየጊዜው ሳትም ስቆርጠው የኖርኩት ጥግ ላይ፣ ሁለት ነገር እያበራ ተጋድሟል። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ፀሐይዋ ከጀርባችን ነበረች፤ እኔ ተንበርክኬ ስለነበር የእኔ ጥላ አልደረሰም። ከፍ ያለው እርከን ላይ የወጡት የእነሱ ግን እንዳለ ማሳው ውስጥ ገብቷል። ከማሳው ባስወጣትም በሌላ በኩል ተመልሳ ገብታለች። ያን ጊዜ ያበሳጨኝ ትዝ ይለኛል፤ ከጨለማው ክፍል ወጥቼ በር አላግቻለሁ።

ዳዊትን ጠርቼ እንዳለ፣ ምንም ሳይቆረጥ፣ በትልቁ አትምልኝ አልኩት። «አባባ፣ ጥጉ ላይ ጥላ አለ፤ ላጥፋልህ?» አለኝ። አሁን እንደዚያ ማጥፋት የአፍታ ሥራ ነው። ጮህኩበት፣ ያለ ጥፋቱ።

ቅዳሜ አስካለ መጣች። ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፤ ለእኔ ብላ ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያን መምጣቷ ነው። ወንበር ሰጠኋትና ከመቀመጧ ሁሉንም ነገርኳት። እናቷ ቀሚሷን ቀይራ መውጣቷን፣ ከነልጄ አንሳኝ ማለቷን፣ አልቋል ማለቴን፣ አለማለቁን፣ ፈቀቅ በይ ማለቴን። እናቷ ተራራውን አይታ ያለችኝን ብቻ አልነገርኳትም፤ አፌ አላወጣው አለኝ።

እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «አንዲት ፎቶ ነው የከለከሏት?» አለች። «ለተራራ ብለው?»

«አዎ።»

«ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ጠየቅሁ መሰለዎት። የአባቴን መታወቂያ ይዤ፣ የሷንስ ማን ወሰደው እያልኩ። ሆቴሉ ውስጥ ሳየው አለቀስኩ፤ ሰው ሁሉ ስብሰባው ሰልችቷት ነው አለኝ። አሁን ደግሞ እርስዎ ፈቀቅ በይ አልኳት ይሉኛል።»

ልትነሳ ቦርሳዋን ስታነሳ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። «የቀኙን ጥግ እይው» አልኳት። «እኔ ስቆርጠው የኖርኩት ነው።»

መጀመሪያ ምኑን እንደማሳያት አልገባትም። ቀስ ብላ ጎንበስ አለች። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፣ አነሳች፣ ደግሞ አሳረፈች። ረጅሟ ጥላ ነጠላ አጣፍታለች፤ ጫፉ በነፋስ ተነስቶ ገብሱ ላይ ለብቻው ወጥቷል። ከረጅሟ አንድ እጅ ወርዶ አጭሯ ራስ ላይ አርፏል።

«ይቺ እኔ ነኝ» አለች አስካለ።

«አንቺ ነሽ።»

«እጇን ራሴ ላይ አድርጋ ነበር። እንዳልሮጥ።» ከዚያ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች፤ ዳዊት ከውስጥ ብቅ ብሎ ተመለሰ። «ረጅም ነበረች ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው።»

የማታ ፀሐይ ሁሉንም ሰው እንደምታረዝም አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። አፌን ዘጋሁ።

አስካለ ከላይ እስከ ታች በጣቷ ተከተለቻት፤ ከነጠላዋ እስከ እግሯ። እግሯ ጋ ስትደርስ ቆመች፣ ሙሉ ነው፣ አልተቆረጠም። «ሙሉ ቁመት ናት» አለችኝ። ፈገግ ለማለት እየሞከረች ነው። «ጋሼ፣ ይሄን ብቻ ለይተው ቢሰጡኝ። እሷንና እኔን።»

«ተራራውስ?» አልኳት። ድሮ የለመደ አፍ ነው።

ቀና ብላ አየችኝ፤ ያው የእናቷ ግራ የገባው ዓይን ነው። «ተራራው የት ይሄድብዎታል?»

መቁረጫውን ከመሳቢያ አውጥቼ፣ መስመሩን በእርሳስ አስምሬ፣ ተራራውን ቆረጥኩት።